ከሦስት በኋላ

ጋሽ ሙሄ፣ እኔ ያኔውኑ ነቅቼብህ ነበር፤
ስምንት ዓመቴ ነው፣ የፊት ጥርሴ የለም፣
ዓይኔ ግን አይታለልም።
ያጋለጠህ ጆሮዋ ነው፣ የጥንቸሏ ግራ ጆሮ፣
በቀይ ክር የተጣፈው፣ ሰባት ስፌት ተቆጥሮ፣
አራተኛው የዘለለው።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ጥንቸሏ ብቅ ትላለች፣
«ልጆች፣ ጣታችሁ የታል?» ትላለች፣
ከአንድ እስከ አስር ታስቆጥረናለች።
ማታ ደግሞ በዚያው መስኮት «መርከብ ዘጠኝ» ሲጀምር፣
ሰማይ ጠቁሮ፣ ኮከብ ረግፎ፣ ብረት በጨለማ ሲበር፣
ከማናውቀው ዓለም የመጣ ሰማያዊ ፍጡር ቆሞ
ያስፈራራናል አጉረምርሞ፤
ጆሮው ላይ ቀይ ክር፣
ሰባት ስፌት፣ አራተኛው የዘለለው።

ቀለም ቀብተህ ልትሸውደን?

የአባቴ ሱቅ ቦርከና ዳር፣ ቴሌቪዥን መጠገኛ፣
ሆዱ ተዘርግፎ አስራ አንዱ በረድፍ የተኛ፣
የሚሠራው አንድ ብቻ፤ እሱም የሰው፣
ሒሳብ አጥሮት ባለቤቱ ያልወሰደው።
ልጅ በልጅ ላይ ተደራርበን፣ የእርሳስ ጭስ እየሸተተን፣
ኢሻ ሰግደው የሚመለሱ አባቶች በሩን ደግፈው፣
«ለአፍታ ነው» እያሉ፣ እስኪያልቅ ቆመው።

ከዚያ ወዲያ ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ሆንኩ።
የመርከቧ ሞተር የጥንቸሏ አጥር ነው፤
ከፋብሪካው ያመጣኸው፣ ክር ያለቀበት ቀሰም።
የካፒቴኗ ወንበር የጥንቸሏ አልጋ፣ ተገልብጦ።
የባዕዷ ዓለም ጉም፣ እሱስ የእኛው ነው፣
ሐረጎ ላይ በማለዳ የቀረፃችሁት፤
በጉሙ መሀል አንዲት በግ ስታልፍ አይቻለሁ።
ማንም አላየም። እኔ አይቻለሁ።
ድምፁን ግን የለየችው ጦይባ ናት፦
«ካፒቴኗ ስትቆጣ» አለችኝ፣ «ጥንቸሏ ናት፣ ጎመን ያጣች።»

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር መጋዘናችሁ መጣሁ።
ሠላሳ ዓመት የሽመና መኪና የጠገነ እጅህ
ሙጫ ለብሷል፣ ጥፍርህ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም።
ጆሮውን ዝም ብዬ አየሁ። ስታየኝ አየሁህ።
«ያለችን አንድ ጆሮ ናት» አልከኝ በሹክሹክታ፣
«ለሁለት ዓለም እናዳርሳት። አደራ።»

የመጨረሻው ምሽት። መርከቧ ወደ ምድር ልትነሳ፣
ካፒቴኗ እጇን ማንሻው ላይ አሳርፋ፦
«አስር። ዘጠኝ። ስምንት።»
ወንድሜ ይመር፣ አራት ዓመቱ፣ ብድግ አለ በቁጣ፦
«ተሳሳተች! ጥንቸሏ እንዲህ አላለችም!»
ሰባት። ስድስት።
«ወደ ኋላ ነው የምትሄደው!»
አምስት። አራት።
ሦስት።

መብራት ጠፋ።

ፋብሪካው ሳይቀር ዝም አለ። የቦርከና ውሃ ብቻ።
አንድ ሰው ክብሪት ፈለገ፤ አላገኘም።
ያኔ ይመር፣ ከወለሉ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያርማት፦
«አራት» አለ።
«አምስት።»
ጦይባ ስድስትን ያዘችለት።
ሰባት ላይ ልጁ ሁሉ፣ ስምንት ላይ በሩን የደገፉት፣
አስርን ስንል ቆርቆሮው ጮኸ፤
ማረፍ ይሁን መነሳት፣ የሚያውቅ አልነበረም።

በድጋሚ አልታየም። መርከቧ ትድረስ አትድረስ
ጠይቄህ አላውቅም። አደራው ጆሮዋ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ
ይህንንም አብሬ ዝም አልኩት።

ዘንድሮ ለቅሶህ ቤት ገባሁ፤
ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ ተንጠልጥላ አገኘኋት፣
ሰማያዊው ተላጦ ነጩ ብቅ ብሎባት።
ሰው ሳያየኝ ስፌቷን በጣቴ ቆጠርኩ፣
ከአንድ ጀምሬ።